ለዛፍ መውጫ ገመድ ቀለበት መሥራት፦ የባለ ሁለት ጉንጉን ስፕላይስ ደረጃ በደረጃ

የስፕላይስ ትልቁ ጣጣ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ አለመታየቱ ነው። ቋጠሮ ከሆነ ገልበጥ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ፤ ስህተቱ ፊት ለፊት ነው። ስፕላይስ ግን ሽፋኑ ከለበሰ በኋላ በልኩ የተሠራውም በግምት የተሠራውም ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰው ሲንጠለጠልበት ነው። ያኔ ደግሞ ማወቁ ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ እዚህ ከጉልበቱ ይልቅ ልኬቱ ላይ፣ ከመጨረሻው ውበት ይልቅ ከመዝጋታችሁ በፊት የምታዩት ነገር ላይ እንቆያለን።

ስፕላይስ ማለት የገመዱን ጫፍ ወደ ራሱ መልሶ፣ ውስጡ ቀብሮ፣ ያለ ቋጠሮ ቀለበት መሥራት ነው። ካራቢነሩ (የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው የብረት ማያያዣ) የሚገባው እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው። ቋጠሮ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቋጠሮ ገመዱን በጠባቡ ያጥፈዋል። እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ከጥንካሬው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይበላል። በደንብ የተሠራ ስፕላይስ ግን አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶ ገደማውን ያስቀራል። ዛፍ ለሚወጣ ሰው ግን ከጥንካሬው በላይ የሚያስደስተው ቅጥነቱ ነው። ገመዱ ከቅርንጫፍ መንታ ወይም ከብረት ቀለበት ሲጎተት አይሰካም። የሚንጠለጠል ጭራም የለውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። መጀመሪያ የምትሠሯቸው ስፕላይሶች ለልምምድ ናቸው፤ ሰው አይንጠለጠልባቸውም። ደግሞም እያንዳንዱ አምራች ለየገመዱ የራሱ መመሪያ አለው። የእኔ ገለጻ የተለመደውን አሠራር ያሳያል እንጂ ያንን አይተካም፤ ቁጥሮቹ ከተለያዩ የአምራቹን ያዙ። በሥራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የአካባቢያችሁን ደንብ ጠይቁ። የአሜሪካው የዛፍ ሥራ ደህንነት መስፈርት፣ ኤኤንኤስአይ ዜድ133፣ መውጫ ገመድ አዲስ ሳለ ቢያንስ 24 ኪሎኒውተን (አንዱ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ነው) መቻል አለበት ይላል። በአውሮፓው ኢኤን 1891 ደግሞ የ«ኤ» ዓይነት ገመድ 22 ኪሎኒውተን፣ ጫፉ ላይ ማሰሪያ ተሠርቶለት ሲፈተን 15 ኪሎኒውተን መሸከም አለበት። ሰው ሕይወቱን የሚሰጠው ስፕላይስ ብቁ በሆነ ባለሙያ መታየት ወይም መፈተን አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

መጀመሪያ ገመዱን እወቁ

ባለ ሁለት ጉንጉን ገመድ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት ገመዶች ነው። የውጪውን ሽፋን፣ የውስጡን አስኳል እንበላቸው። ሁለቱም የተጎነጎኑ ናቸው፤ ሁለቱም ውስጣቸው ባዶ ነው፤ መርፌ ሊያልፍባቸው ይችላል። ሁለቱም ከፖሊስተር ሲሠሩ ሸክሙን ግማሽ በግማሽ ገደማ ይካፈላሉ። የስፕላይሱ ጥበብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ የሽፋኑ ጭራ አስኳሉ ውስጥ ይቀበራል፣ የአስኳሉ ጭራ ሽፋኑ ውስጥ ይቀበራል። አንዱ ብቻ ቢቀበር ገመዱ ግማሽ ሰው ይሆናል።

ከውጭ የሚመሳሰሉ ግን በዚህ መንገድ የማይሠሩ ገመዶች አሉ። ጫፉን ቆርጣችሁ ውስጡን ሳታዩ አትጀምሩ። ሽፋኑ በ16 ወፋፍራም ዘለላዎች (ተጎንጉነው ገመዱን በሚሠሩት የክር ጥቅሎች) ተሠርቶ አስኳሉ ቀጭን መሙያ ብቻ ከሆነ፣ ሸክሙን የሚሸከመው ሽፋኑ ነው፤ የዚያ ስፕላይስ ሌላ ነው። አስኳሉ ያልተጎነጎነ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ የተገመደ ክር ከሆነ ደግሞ መርፌ የሚገባበት ባዶ ውስጥ የለውም። አስኳሉ ሰም የተቀባ የሚመስል፣ የሚያንሸራትትና በጣም ቀላል ከሆነ ምናልባት ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ፖሊኢትሊን ነው። እዚያ ሸክሙን ከሞላ ጎደል አስኳሉ ብቻውን ስለሚይዝ አሠራሩ ይለያል።

ለልምምድ አዲስ፣ ለስለስ ያለ፣ ሁለቱም ጉንጉኖቹ ፖሊስተር የሆኑ የ12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ገመድ ፈልጉ። ሦስት ሜትር ለአንድ ቀለበት በቂ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ እንዲያውም ይቀላል፤ ዘለላው ወፍራም ስለሆነ ለዓይንም ለጣትም ይመቻል። ሽፋናቸው ባለ 24 ዘለላ የሆኑት የ11 እና 12 ሚሊ ሜትር መውጫ ገመዶች ጠበቅ ያሉ ናቸው። እነሱ ጋ የሚኬደው እጅ ከተፍታታ በኋላ ነው። ያገለገለ ገመድ ለጀማሪ አይመከርም። ሽፋኑ ተኮማትሮ፣ አቧራና ሙጫ ውስጡ ገብቶ፣ አልለብስ ብሎ ያንገሸግሻችኋል። ከዚያ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ትላላችሁ፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው።

ዕቃዎች

ዋናው ዕቃ ፊድ ይባላል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ኋላው ክፍት የሆነ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የገመዱ ጭራ ኋላው ውስጥ ይሰካና በሌላው ጉንጉን ውስጥ ይሳባል። ፊድ መርፌ ብቻ ሳይሆን ማስመሪያም ነው፤ በየገመዱ ውፍረት ይሠራል፤ ርዝመቱ የገመዱን ውፍረት ከ21 እስከ 22 ጊዜ ያህላል። ላዩ ላይ «አጭር» የሚባለውን ልኬት የሚያሳይ መስመር አለው። ለ12.7 ሚሊ ሜትር ገመድ ሙሉው ፊድ 28 ሴንቲ ሜትር፣ አጭሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በዚህ ገመድ የተሰሉ ናቸው። የእናንተ ከተለየ በራሳችሁ ፊድ ለኩ።

ሌላው ቀላል ነው፦ ፊዱን ከኋላ የሚገፋ ቀጭን ዘንግ፣ ዘለላ መክፈቻ ወስፌ (ጫፉ በጣም ያልሰላ)፣ ማርከር፣ ሜትር፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ መዶሻ፣ ትልቅ መርፌ፣ ሰም የተቀባ ወፍራም የፖሊስተር ክር። መቀስ ላይ ግን አትቆጥቡ። የደነዘ መቀስ ክሩን እያኘከ ጭራውን ያንጨባርረዋል፣ የተንጨባረረ ጭራ ደግሞ ውስጥ ገብቶ እብጠት ይሆናል። ገመዱን የሚያስሩበት የማይነቃነቅ ነገርም ያስፈልጋል፤ ምሰሶ፣ የብረት መንጠቆ፣ የከባድ ጠረጴዛ እግር።

ልኬትና ሸምቀቆ

ጫፉን በናስትሮ አንድ ዙር ብቻ ጠቅልሉ። ከጫፉ 28 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሽፋኑ ላይ ዙሪያውን ምልክት አድርጉ። ይህን «መነሻ» እንበለው። ከመነሻው ወደ ረጅሙ ገመድ በኩል አጥፋችሁ የምትፈልጉትን ያህል ቀለበት ሥሩ። ገመዱ ዞሮ ከመነሻው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ፦ «መውጫ»። አስኳሉ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። በብዙ ሥዕላዊ መመሪያዎች ላይ መነሻው አር፣ መውጫው ኤክስ፣ ቀጥለው የሚመጡት «ማቅጠኛ» እና «መቋጫ» ደግሞ ቲ እና ዜድ ተብለው ታገኟቸዋላችሁ።

ቀለበቱ ምን ያህል ይሁን? ለልምምድ ከመነሻ እስከ መውጫ 20 ሴንቲ ሜትር ስጡት። ሰፊ ቀለበት ለመሥራት ይቀላል። ለሥራ ሲሆን ግን ጠበብ ያለ ይሻላል። በሰፊ ቀለበት ውስጥ ካራቢነሩ ይገለበጥና ሸክሙ በጎኑ ወይም በበሩ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ደግሞ ካራቢነር ደካማ ነው። በጣም ጠባብም አይሁን። የቀለበቱ ርዝመት በውስጡ ከሚያልፈው ነገር ውፍረት ቢያንስ 3 እጥፍ ካልሆነ አንገቱ፣ ማለትም ቀለበቱ የሚዘጋበት ቦታ፣ ወደ ሁለት ጎን ይሰነጠቃል።

ከመውጫው ወደ ረጅሙ ገመድ በኩል 5 ፊድ፣ ማለትም 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ለኩና ጠበቅ ያለ ሸምቀቆ እሰሩ። ሥራው እስኪያልቅ አይፈታም። ሸምቀቆው ከሌለ ሽፋኑና አስኳሉ ከሩቅ እየተንሸራተቱ የለካችሁትን ሁሉ ያበላሹታል።

አስኳሉን ማውጣት፣ እና ያቺ አንድ መስመር

መውጫው ላይ ገመዱን ሰበር አድርጋችሁ እጠፉት። ዘለላዎቹ እዚያ ላይ ይላላሉ። በወስፌው ወደ ጎንና ወደ ጎን ገለል አድርጓቸው። ወደ ላይ አትጎልጉሏቸው፣ አትውጓቸውም። ነጩ አስኳል ብቅ ሲል ወስፌውን ከሥሩ አሳልፋችሁ ሳቡት፤ እስከ ጫፉ ድረስ ይወጣል። ጫፉን በናስትሮ አንድ ዙር ጠቅልሉ።

አሁን ወደ ወሳኙ ቦታ ደርሳችኋል። አስኳሉን በአንድ እጅ ይዛችሁ ሽፋኑን ወደ ሸምቀቆው እስከሚሄድ ድረስ ግፉት፤ ይጨማደዳል። ከዚያ ሸምቀቆውን ይዛችሁ በሌላው እጅ ሽፋኑን ከሸምቀቆው ወደ መውጫው ጠበቅ አድርጋችሁ እየጨበጣችሁ ሳቡት፤ ላም እንደማለብ ነው። ደግማችሁ እለቡ። አንድም የላላ ሽፋን እስከማይቀር ድረስ ቀጥሉ። እጃችሁ ስር ገመዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ሲሰማችሁ፣ አስኳሉ ከመውጫው በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ይህ ምልክት አንድ ነው።

በዚህ ላይ የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክት አንድ «ሽፋኑና አስኳሉ እዚህ ጋ እኩል ናቸው» የሚል ውል ነው። ሽፋኑ ላልቶ እያለ ካሰመራችሁ፣ ስፕላይሱ ሲያልቅ አንደኛው ከሌላው ያጥራል። ያጠረው ሸክሙን ብቻውን ይይዛል፣ የላላው እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ ሲታይ ግን ቀለበቱ ምንም አይልም።

የቀሩት የአስኳል ምልክቶች ሜትር ማንበብ ብቻ ናቸው። ሽፋኑን እንደገና ወደ ሸምቀቆው ገፍታችሁ አስኳሉን አጋልጡ። ከምልክት አንድ ወደ መውጫው በኩል (ወደ አስኳሉ ጫፍ አይደለም!) አጭሩን፣ 10 ሴንቲ ሜትር ለኩና ሁለት መስመር አስምሩ። ይህ ምልክት ሁለት ነው። ከዚያ በዚያው አቅጣጫ አንድ ሙሉ ፊድና አንድ አጭር፣ በአጠቃላይ 38 ሴንቲ ሜትር ለኩና ሦስት መስመር አስምሩ። ይህ ምልክት ሦስት ነው። ቁጥሩን በመስመር ብዛት መጻፍ የልጅ ሥራ ይመስላል፤ አስኳሉ ሲጠመዘዝ ግን የትኛው የት እንደሆነ ሳይጠፋችሁ ትገላገላላችሁ።

ሽፋኑን ለማቅጠን ምልክት ማድረግ

ሽፋኑን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግማሾቹ ዘለላዎች ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ይዞራሉ። በአንዳንድ ገመድ ዘለላዎቹ ነጠላ ናቸው፣ በአንዳንዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። ጥንድ ከሆኑ ጥንዱን እንደ አንድ ቁጠሩ።

ከመነሻው ተነስታችሁ ወደ ጫፉ በኩል ወደ ቀኝ የሚዞሩትን 8 ቁጠሩ። ስምንተኛው ላይ ሽፋኑን ዙሪያውን አስምሩ። ይህ «ማቅጠኛ» ነው። ከማቅጠኛው ወደ ጫፉ እየሄዳችሁ አንዱን እየዘለላችሁ በየሁለተኛው የቀኝ ዘለላ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ በጠቅላላ 6። በግራ የሚዞሩትንም እንዲሁ፤ 6። ባለ 24 ዘለላ ሽፋን ላይ አምራቹ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ የእሱን ተከተሉ። ዓላማው ግን አንድ ነው፦ ጭራው በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየቀጠነ እንዲያልቅ። በድንገት የሚያልቅ ጭራ ገመዱ ውስጥ ደረጃ ይፈጥራል። ገመድ ሲበጠስ ደግሞ እንዲህ ያለ ደረጃ ያለበትን ቦታ ይመርጣል።

ሽፋኑ ወደ አስኳሉ

ፊዱን በምልክት ሁለት አስኳሉ ውስጥ አስገቡ፤ በውስጡ አሳልፋችሁ በምልክት ሦስት አውጡት። መሃል ላይ መንገድ ስቶ ከጎን ቢወጣባችሁ መልሱት፤ አንድም ዘለላ መውጋት የለበትም። የሽፋኑን ጫፍ ትንሽ ተጨማሪ ናስትሮ ጨምራችሁ ሾጠጥ አድርጉትና ፊዱ ኋላ ውስጥ አጥብቃችሁ ስኩት። ዘንጉን ከኋላ ደግፋችሁ ግፉ። አስኳሉን በኃይል አትጨብጡት፤ ከተጨበጠ ይጠብባል፣ ከላላ ይሰፋል። ሽፋኑ በምልክት ሦስት ሲወጣ ፊዱን አውልቁና መነሻው ብቅ እስኪል ሳቡት።

አሁን ናስትሮውን ከሽፋኑ ጫፍ አንሱ። ከጫፉ በኩል ካለው የመጨረሻ ነጥብ ጀምራችሁ ነጥብ ያለበትን ዘለላ ቁረጡና መዛችሁ አውጡት። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ እስከ ማቅጠኛው ድረስ። ከማቅጠኛው አትለፉ። ሲያልቅ ጭራው እየሳሳ ሄዶ በጥቂት ክር ማለቅ አለበት። ጫፉን በእሳት ለማቅለጥ አትሞክሩ። የቀለጠ ፖሊስተር ጠጣር እንክብል ይሆንና አጠገቡ ያለውን ክር ውስጥ ለውስጥ ይፈገፍገዋል።

ከዚያ ሽፋኑን በጥንቃቄ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ማቅጠኛው በምልክት ሁለት ላይ ብቅ ሲል አቁሙ። የቀጠነው ጭራ አሁን ሙሉ በሙሉ አስኳሉ ውስጥ ነው።

አስኳሉ ወደ ሽፋኑ

ከመውጫው ወደ ሸምቀቆው በኩል ግማሽ ፊድ፣ 14 ሴንቲ ሜትር ለኩና ሽፋኑ ላይ «መቋጫ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ፊዱን በማቅጠኛው ሽፋኑ ውስጥ አስገቡ። የአስኳሉን ጭራ ስኩ። በቀለበቱ ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ግፉት፣ መውጫውን አልፋችሁ በመቋጫው አውጡት። መውጫውን ሲያልፍ ፊዱ ውስጥ ያለውን ዋናውን አስኳል እንዳይዝ ተጠንቀቁ። ከተያዘ ሽፋኑ በኋላ አይንቀሳቀስም። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ከውጭ በጣታችሁ ዳብሱ፣ ፊዱና አስኳሉ ለየብቻ ሲንሸራተቱ ይሰማችኋል።

ቀለበቱ ሰፊ ከሆነና ፊዱ በአንድ ጊዜ ካልደረሰ፣ መሃል ላይ አውጡት፣ አስኳሉን ሳቡ፣ ፊዱን በወጣበት በዚያችው ቀዳዳ መልሱት። በሌላ ቀዳዳ ከተመለሰ አንድ ዘለላ ታስሮ ይቀራል።

አሁን ሽፋኑና አስኳሉ የሚሻገሩበት አንድ ቦታ ይታያል፤ ማቅጠኛውና ምልክት ሁለት የተገናኙበት። በመቋጫው የወጣውን አስኳል ሳብ፣ በምልክት ሦስት በኩል ያለውን የሽፋን ጭራ ሳብ፣ እያፈራረቃችሁ መሻገሪያውን አጥብቁት። ውፍረቱ ከገመዱ ውፍረት ጋር እኩል ሲሆን ያቁም። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ጠጣር እብጠት ይሆናል፣ ካነሰ ደግሞ ሲለብስ ሽፋኑ እሱ ላይ ይደናቀፋል። ለሁለቱ ጣቶቻችሁ እንደ ቀሪው ገመድ ሆኖ መሰማት አለበት።

መሻገሪያውን ይዛችሁ የቀለበቱን ሽፋን ወደ መውጫው አለስልሱ፤ ሽብሽብ አይቅር። በመውጫው ላይ በዘለላዎቹ መሃል የማርከሩን ጫፍ አስገብታችሁ ውስጥ ያለውን የአስኳል ጭራ ነጥብ አድርጉበት። ጭራውን በመቋጫው በኩል ነጥቡ እስኪታይ ሳቡት። ነጥቡ ላይ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ዘለላ እየቆረጣችሁ ዙሪያውን አሳሱት። ከነጥቡ የፊዱን ሲሶ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ለክታችሁ ቀሪውን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡት። እዚህ ላይ «ትንሽ ላትርፍለት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታትርፉ። ረጅሙና ያልሳሳው ጭራ አንገቱን አወፍሮ ሽፋኑ እንዳይለብስ ያደርጋል።

እንደገና መሻገሪያውን ይዛችሁ ሽፋኑን ወደ መውጫው አለስልሱ፤ የአስኳሉ ጭራ በመቋጫው ውስጥ ጠፍቶ ይገባል። ከመሻገሪያው ወደ ምልክት ሦስትም አለስልሱ፤ የሽፋኑ ጭራ አስኳሉ ውስጥ ይጠፋል።

አሁን እጃችሁን አንሱና እዩ። ከዚህ በኋላ ውስጡን የምታዩበት ዕድል የለም። ሦስቱ የአስኳል ምልክቶች በቅደም ተከተል ናቸው? አንድም የተወጋ ወይም ጎልቶ የወጣ ዘለላ የለም? መሻገሪያው አልተጠማዘዘም? ጭራዎቹ ሁለቱም ገብተዋል? አንዱ እንኳ «እንጃ» የሚያሰኝ ከሆነ ፍቱት። አሁን መፍታት የሻይ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚህ በኋላ ግን መቁረጥ ነው።

ማልበስ

ሸምቀቆውን ምሰሶው ላይ አስሩት። በሁለት እጅ ሽፋኑን ከሸምቀቆው ወደ ቀለበቱ እለቡ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ። ሽፋኑ ምልክት ሦስትን ይውጠዋል፣ ምልክት ሁለትን፣ መሻገሪያውን፣ ማቅጠኛውን፣ በመጨረሻም መነሻውን። መነሻው መውጫው ጋ ሲደርስ ቀለበቱ ተዘጋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ በቅቤ ላይ ነው። መሻገሪያው አንገቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ሁሉም ሰው ላይ ይቆማል። ያኔ ምላሹ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው። መሻገሪያውን ያዙና የቀለበቱን ሽፋን ወደ አንገቱ አለስልሱ፤ የተከማቸው ሽብሽብ ይወጣል። አንገቱን ግራና ቀኝ እያጠፋችሁ አፍታቱት። በፕላስቲክ መዶሻ እያዞራችሁ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፤ ዘለላዎቹ ይላላሉ። ከዚያ ሽፋኑን ሸምቀቆው ጋ ሄዳችሁ እንደገና እለቡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ሽፋን እዚያ ሩቅ ቦታ ላይ ተኮልኩሎ ይገኛል። የሰውነታችሁን ክብደት ጣሉበት፤ ክንድ ብቻውን ይደክማል። ጓንት አድርጉ፣ አለበለዚያ መዳፋችሁ ይላጣል።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀርቶ ጭራሽ አልለብስ ካለ፣ መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ምልክት አንድ የተደረገው ሽፋኑ ሳይታለብ ነው፣ ጭራዎቹ በቂ አልሳሱም፣ ወይም ፊዱ መንገድ ላይ ዘለላ ይዟል። አንዳንዶች እንዲህ ሲሆን በመኪና ይጎትቱታል። ሽፋኑ ሊለብስላቸው ይችላል፤ ውስጡ ግን ተጨናንቆና ተቆራርጦ ይሆናል። ለሰው የሚሆን ገመድ እንዲህ አይሠራም።

በትክክል የለበሰ ስፕላይስ ከአንገቱ ጀምሮ ከአንድ ፊድ በላይ ወፈርና ጠንከር ይላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ገመዱ ውፍረት ይመለሳል። በጣታችሁ ስትዳብሱት ድንገተኛ ጉድጓድ ወይም ደረጃ ከተሰማችሁ አንደኛው ጭራ አልሳሳም። ሌላም ነገር አስታውሱ፦ የሚንሸራተት የመውጫ ቋጠሮ በዚህ ወፍራም ክፍል ላይ በልኩ አይዝም፣ አይሮጥምም። ልትጠቀሙበት የምትችሉት የገመድ ርዝመት የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሰሪያ ስፌት

ስፕላይስ ሸክም ሲኖርበት ራሱን ይይዛል፤ ሽፋኑ ሲሳብ ይጠብና ውስጡ ያለውን ያንቀዋል። አደጋው ሸክም ሲነሳ ነው። ገመዱ ሲጠቀለል፣ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጎራደድ ጭራው ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል። ስፌቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ሸክም ለመያዝ አይደለም።

ሰም የተቀባውን ክር መርፌ ላይ አድርጋችሁ ከአንገቱ አጠገብ ገመዱን በመሃሉ አሳልፉት። ወደ ረጅሙ ገመድ እየሄዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ስፌት ስፉ። ከዚያ ገመዱን 90 ዲግሪ አዙራችሁ በሌላው ፊቱ ሦስት ስፌት ስፉ። ሁለቱን የክር ጫፎች በአንድ ቀዳዳ አውጥታችሁ ቋጥሩና ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ቅበሩት። ክሩ ልክ ይሁን፤ ከጠበቀ ዘለላዎቹን ያንቃል፣ ቦታውንም የተቆረጠ ያስመስለዋል። ከገመዱ የተለየ ቀለም ያለው ክር ምረጡ። ሲበላ ከሩቅ ይታያል።

ከመሥራት በኋላ

ሸምቀቆውን ፍቱ። ቀለበቱን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር አያይዛችሁ ገመዱን ቀስ በቀስ በሚጨምር ሸክም ወጥሩት፤ ዘለላዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ የቀለበት ጎኖችም እኩል ይሆናሉ። አንዱ ጎን ከረረ፣ ሌላው ላላ ካለ ስፕላይሱ በልኩ አልተቀመጠም።

የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች በመቀስ ርዝመቱን ሰንጥቃችሁ ክፈቷቸው። ሽፋኑን እንደ ሙዝ ልጣጭ ገልጣችሁ ጭራዎቹ የት እንደቆሙ፣ እንዴት እንደሳሱ፣ የታጠፈ ዘለላ እንዳለ እዩ። ስንት ጥሩ መልክ ያላቸው ቀለበቶች ውስጣቸው ጉድ ሆኖ እንደሚገኝ ትገረማላችሁ። ከየትኛውም ሥዕል የበለጠ የሚያስተምረው ይህ ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ጥቂት ሜትር ገመድ ብቻ።

በሥራ ላይ ባለ ስፕላይስ ላይ የተሠራበትን ቀንና የሠሪውን ምልክት አድርጉ። በየዕለቱ ከመውጣታችሁ በፊት አንገቱን በእጃችሁ አሸት አሸት አድርጉ። የሚያብረቀርቅና የጠጠረ ቦታ ካለ ፖሊስተሩ በሰበቃ ቀልጧል ማለት ነው፤ የማቅለጫው ሙቀት 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ፈጥኖ በሚወርድ ሰው ገመድ ላይ እዚያ መድረስ ይቻላል። ስፌቱ ከተበጠሰ፣ የተቀበረው የመነሻ ምልክት ተመልሶ ብቅ ካለ፣ ወይም አንገቱ ላይ አስኳል ከታየ ያንን ቀለበት አትመኑት። ስፌቱን ብቻ አድሳችሁ አትቀጥሉ። ወፍራሙን ክፍል በሙሉ ቆርጣችሁ ጣሉና ገመዱ ራሱ ደህና መሆኑን መርምሩ፤ ከዚያ አዲስ ቀለበት በአዲስ ልኬት ከጫፉ ይጀመራል።